ከጣና በለስ መስመር ስር ላለነውም በጀት ይያዝልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሰሞኑን ስለ ህዳሴ ግድብና ለጎረቤት አገሮች ስለሚሸጠው ኃይል የምታወጡትን እየተከታተልኩ ነው፣ ደስም ይለኛል፣ ግን አንድ ነገር እየተዘለለ ስለሆነ ነው ብዕር ያነሳሁት። ውሃው የሚወጣበት፣ የመብራት መስመር የሚሸከመው ታወር የተተከለበት አካባቢ ያለው ገበሬ ራሱ መብራት አለው ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኔ ከጣና በስተምዕራብ ባለ ወረዳ ፊዚክስ አስተምራለሁ፣ ጣና በለስ የሚባለው የኃይል ማመንጫ ያለው እኛው አካባቢ ነው፣ ከሱ የሚወጣው መስመር በተማሪዎቼ ቤተሰቦች ማሳ ላይ ያልፋል፣ ከነዚህ ተማሪዎች ደሞ ብዙዎቹ ወደ ቤታቸው ሲገቡ የሚያጠኑት በኩራዝ ወይ በስልክ ባትሪ ነው። ደብዳቤዬ ስለዚህ ነው።

ቦታውን ለማያውቅ ሰው ትንሽ ላስረዳ። ጣና በለስ በግንቦት 2002 የተመረቀ ማመንጫ ነው፣ አራት ተርባይን አለው፣ እያንዳንዳቸው 115 ሜጋ ዋት፣ ሲደመር 460። ብዙ ሰው ግድብ ያለው ይመስለዋል ግን ትልቅ ግድብ የለውም፣ ማጠራቀሚያው ራሱ ጣና ሐይቅ ነው። ውሃው ከሐይቁ ምዕራብ ዳር ቁንዝላ አካባቢ ይገባና 12 ኪሎ ሜትር ገደማ በዋሻ ከመሬት ስር ይጓዛል፣ ከዛ ከ300 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርድና ተርባይኖቹን ያዞራል፣ ከዛ ደሞ ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ በሌላ ዋሻ ሄዶ ወደ በለስ ተፋሰስ ይለቀቃል። ተርባይኖቹ ያሉበት ቤት ራሱ ከመሬት ስር ነው፣ በላዩ ብታልፉ ብዙም የሚታይ ነገር የለም። የሚታየው ታወሩ ነው፣ ወደ ባህር ዳር የሚሄደው 400 ሺህ ቮልት የሚሸከመው፣ ጭጋግ ባለበት ጠዋት ስሩ ስትቆሙ ሽቦው እንደ ንብ ሲያጉረመርም ይሰማችኋል።

ክፍል ውስጥ ስለ ፖቴንሻል ኢነርጂ ማለትም ከፍታ ላይ ያለ ነገር ስለሚይዘው ጉልበት ሳስተምር ምሳሌ የምወስደው ከዚሁ ነው፣ መጽሐፉ ላይ ያለው ምሳሌ ተማሪው አይቶት የማያውቀው ቦታ ስለሆነ። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ ማለት 1000 ኪሎ ነው። በየሰከንዱ አንድ ሜትር ኩብ ውሃ ከ300 ሜትር ከፍታ ቢወርድ፣ በዋሻውና በማሽኑ የሚባክነውን ቀንሰን፣ ከ2.5 ሜጋ ዋት በላይ ይሰጣል። ያው ውሃ በድሮው መንገድ ጢስ አባይ ላይ ቢሰራበት ግን ከፍታው 50 ሜትር ገደማ ስለሆነ የሚሰጠው 0.4 ሜጋ ዋት አካባቢ ነው። ለዛ ነው መሐንዲሶቹ ውሃውን ወደ በለስ ያዞሩት፣ ስድስት እጥፍ ልዩነት አለው፣ በስሌት ከሄድን ትክክል ናቸው። ደሞ ውሃው አይጠፋም፣ በለስ ዞሮ ዞሮ አባይ ላይ ስለሚገባ ህዳሴ ግድብ ላይ እንደገና ይሰራበታል። ከዛ ወደ ቤት እናምጣውና እላቸዋለሁ፣ አንድ የእንጀራ ምጣድ 4 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል፣ ስለዚህ ያቺ በሰከንድ አንድ ሜትር ኩብ ውሃ ብቻዋን ከ600 በላይ ምጣድ በአንድ ጊዜ ታግላለች ማለት ነው። ማመንጫው በሙሉ አቅሙ ሲሰራ የሚፈልገው ውሃ ደሞ በሰከንድ ከ100 ሜትር ኩብ በላይ ነው። ይሄን ሰሌዳው ላይ ስንሰራ ክፍሉ ጸጥ ይላል፣ ልጆቹ ቁጥሩን አይደለም የሚያስቡት፣ እናታቸው ጭስ ውስጥ ቁጭ ብላ የምትጋግረውን ነው። አንዱ ተማሪዬ እጁን አውጥቶ "ቲቸር ታዲያ ከዚህ እኛ ቀበሌ ስንት ይደርሳል" ብሎኛል። የልጁ ቀበሌ ታወሩ ከሚያልፍባቸው አንዱ ነው። የሚደርሰው ዜሮ ነው። ቁጥሩን ጻፍኩለት፣ ሌላ ምን ልበለው።

ጥያቄው ግን የልጅ ጥያቄ አይደለም። እንደዚህ አይነት ጥያቄ ሲነሳ ሁሌም የሚሰጠው መልስ "ያ መስመር ከፍተኛ ቮልቴጅ ነው፣ ለቤት አይሆንም" የሚል ነው። መልሱ ውሸት አይደለም፣ ከ400 ሺህ ቮልት ላይ ሽቦ ቀጥሎ ወደ ጎጆ ማውረድ አይቻልም፣ መጀመሪያ ማከፋፈያ ጣቢያ ማለትም ሰብስቴሽን ያስፈልጋል፣ እዛ ወደ 132 ሺህ ይወርዳል፣ ቀጥሎ ወደ 33 ሺህ ወይም 15 ሺህ፣ ከዛ በእንጨት ወይ በኮንክሪት ምሰሶ ቀበሌ ድረስ ይሄዳል፣ እዛ ትንሹ ትራንስፎርመር ወደ 380 እና 220 ያወርደዋል፣ ከዛ ቆጣሪ፣ ከዛ አምፖል። ለ400 ሺህ የሚሆን ትራንስፎርመርና ብሬከር ደሞ በሚሊዮን ዶላር የሚገዛ እቃ ነው፣ ለአንድ ቀበሌ ተብሎ አይተከልም። ይሄ ሁሉ ይገባኛል፣ ሙያዬም ስለሆነ። ግን እስቲ አስቡት፣ ማመንጫው ሲታቀድ፣ የዋሻው ርዝመት ሲለካ፣ ታወሩ በየትኛው ማሳ ላይ እንደሚቆም ሲወሰን፣ አካባቢው ላይ ያሉት ወረዳዎች በምን ሰብስቴሽንና በስንት ኪሎ ሜትር የ33 ሺህ መስመር መብራት እንደሚያገኙ አብሮ ቢታቀድ ኖሮ፣ ከጠቅላላው ወጪ ላይ ስንት ይጨምር ነበር? ለዋሻና ለተርባይን ከሚወጣው ገንዘብ ጋር ሲነጻጸር በጣም ትንሽ ነው። ችግሩ የገንዘቡ ብዛት አይደለም፣ በማን ኪስ ውስጥ ነው የሚለው ነው።

ምክንያቱም ማመንጫውንና ትልልቁን መስመር የሚሰራው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ነው፣ ወደ ቤታችን የሚያከፋፍለው ደሞ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። ድሮ ሁለቱም አንድ ላይ መብራት ኃይል ነበሩ፣ በ2006 ነው የተለያዩት። ለየብቻ መሆናቸው የራሱ ጥቅም ይኖረዋል፣ እሱ ላይ አልከራከርም፣ ግን ውጤቱ ምን ሆነ መሰላችሁ፣ ማመንጫ ሲሰራ በጀቱ ማመንጫና ታወር ላይ ያበቃል፣ ምሰሶና ትንሽ ትራንስፎርመር የሌላ መስሪያ ቤት፣ የሌላ ዓመት፣ የሌላ ብድር ጉዳይ ይሆናል። አንዱ ፕሮጀክቱን ጨርሶ ያስመርቃል፣ ሌላው ገና ወረፋ ያስይዛል። የኛ አካባቢ ሽማግሌዎች ማመልከቻ ይዘው አንድ ቢሮ ሄደው ነበር፣ ይሄ የኛ ስራ አይደለም ወደዛኛው ሂዱ ተባሉ፣ እዛኛው ጋ ሲሄዱ እቅድ ውስጥ አልተያዘም ተባሉ። ሁለቱም ባለሙያዎች የተናገሩት እውነት ነው፣ ያ ነው እኮ የሚያሳዝነው፣ ማንም አልዋሸም፣ ሰዎቹ ግን ጨለማ ውስጥ ናቸው።

ነገሩ በጣና በለስ የተጀመረም አይደለም። ጢስ አባይ ቁጥር አንድ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1964 ስራ ሲጀምር ዋናው ዓላማ የባህር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበር። እንደ ፈረንጅ በ2001 ደሞ ጢስ አባይ ቁጥር ሁለት 73 ሜጋ ዋት ሆኖ ተጨመረ፣ ያኔ ነው የፏፏቴው ውሃ መቀነስ የጀመረው። ጣና በለስ ሲመጣ ደሞ ውሃው ከሐይቁ በሌላ በኩል መውጣት ጀመረ። አሁን በጋ ላይ ጢስ እሳት ብትሄዱ የምታዩት በአመዛኙ ጥቁር ድንጋይ ነው፣ ቱሪስት አጅቦ፣ ጀልባ ቀዝፎ፣ ሻርፕ ሸጦ የሚያድረው የአካባቢው ሰው ገቢው ከውሃው ጋር ነው የሄደው። እነሱም አገር ይብራ ብለው ነው የቻሉት። ፊንጫም ሄዳችሁ ብትጠይቁ ተመሳሳይ ነው፣ እንደ ፈረንጅ በ1973 ነው ስራ የጀመረው፣ ሐይቁ የእርሻና የግጦሽ መሬት ውጦ ሰው አፈናቅሏል፣ ኃይሉ ግን በመጀመሪያ የሄደው ወደ አዲስ አበባና ወደ ፋብሪካ ነው። ቆቃም፣ መልካ ዋከናም፣ ጊቤም ያለው ሰው የየራሱ ታሪክ ይኖረዋል። ማመንጫ የሌለው ወረዳ ጨለማ ውስጥ መሆኑም ቀላል ነገር ነው እያልኩ አይደለም፣ ግን መሬቱንም ውሃውንም የሰጠ ወረዳ ቢያንስ በወረፋው ፊት መሆን አለበት ባይ ነኝ።

"መብራት ገብቷል" የሚለው ነገር ላይም ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሪፖርት ላይ ስታዩት ሁሉም ሰው ያለው ይመስላል። በ1998 የገጠር ኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራሙ ሲጀመር ጀምሮ ሲቆጠር የኖረው በብዛት መስመር የደረሰባቸው ከተሞችና የገጠር ቀበሌዎች ናቸው፣ ቀበሌው መሃል አንድ ትራንስፎርመር ከተሰቀለ ቀበሌው መብራት አለው ተብሎ ይመዘገባል፣ ከትራንስፎርመሩ ሁለት ኪሎ ሜትር ርቆ ያለው ጎጥ ግን ከድሮው ምንም አልተለየም። የዓለም ባንክ እንደ ፈረንጅ በ2017 ባስጠናው የቤት ለቤት ጥናት ከዋናው መስመር ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ቤተሰብ ከመቶ 33 ገደማ ነበር፣ ሌላ 24 ገደማ ደሞ በሶላር ነገር። በዚያው ጊዜ የወጣው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም ደሞ እንደ ፈረንጅ በ2025 ለሁሉም ሰው ይደርሳል፣ 65 በመቶው በመስመር 35 በመቶው ከመስመር ውጪ ይሆናል ብሎ ነበር። ያ 2025 መጣ። ከዛ ወዲህ ብዙ ቤት እንደተጨመረ አውቃለሁ፣ ወረዳችን ከተማ ላይ ራሱ አዲስ ቆጣሪ የገባላቸው አሉ፣ ግን ለሁሉም የሚለው ገና ሩቅ ነው።

ሶላሩን በተመለከተ ክፉ ነገር መናገር አልፈልግም፣ ጣሪያ ላይ ያቺን ትንሽ ፓነል የገዛ ሰው ሁለት ሶስት አምፖል ያበራል፣ ስልክ ቻርጅ ያደርጋል፣ ለዛ እግዜር ይስጠው፣ ጋዝ ከመግዛትና ጥቀርሻ ከመተንፈስ ተገላግሏል። ግን ምጣድ አያግልም። ወፍጮም አያዞርም። ጤና ኬላ ላይ የክትባት ፍሪጅ ለብቻው የተዘጋጀ ሶላር ካልተገጠመለት በዚያች ፓነል አይሰራም። አንዲት የማውቃቸው እናት እህል ለማስፈጨት አህያ ጭነው የናፍጣ ወፍጮ ያለበት ድረስ ይሄዳሉ፣ ናፍጣ ከጠፋ ባለወፍጮው ይዘጋል፣ እሳቸውም ጭነታቸውን ይዘው ይመለሳሉ፣ ናፍጣው ከተገኘም ዋጋው ስለጨመረ የማስፈጫው ሂሳብ አብሮ ጨምሯል። ወፍጮ ስሪ ፌዝ ማለትም በሶስት ሽቦ የሚመጣ ጠንካራ መብራት ነው የሚፈልገው፣ ስለዚህ ገጠር ላይ መስመር ሲዘረጋ ለአምፖል ብቻ ተብሎ ቀጭን ነገር ከተዘረጋም ዋጋ የለውም። ትራንስፎርመሩም እንደዛው፣ 50 ኬቪኤ ማለትም 50 ኪሎ ዋት ገደማ የሚችል ሰቅለው ለሙሉ ቀበሌ ያካፍሉታል፣ በስሌት ከአስራ ሁለት ምጣድ በላይ በአንድ ጊዜ አይችልም፣ የፋሲካ ዋዜማ ሁሉም ምጣዱን ሲሰካ ፊውዙ ይበጠሳል፣ አንዳንዴ ትራንስፎርመሩ ራሱ ይቃጠላል፣ ከተቃጠለ ደሞ ምትክ እስኪመጣ ወር ሁለት ወር በጨለማ ነው።

የገጠር ልጆች ወረዳ ከተማ መጥተው ቤት ተከራይተው ነው የሚማሩት፣ ሶስት አራት ሆነው በአንድ ክፍል፣ በየሳምንቱ ቅዳሜ ሄደው ስንቅ ይዘው ይመለሳሉ፣ ትምህርት ቤቱ ቅርብ እንዲሆን ብቻ አይደለም፣ ማታ የሚያጠኑበት አምፖል ስላለም ነው። ክፍሉን ስትገቡ ከአንዲት ገመድ ላይ የተንጠለጠለች አምፖል አለች፣ ስሯ ላይ አራት ደብተር ተዘርግቷል። መብራት ሲሄድ አራቱም ይቆማሉ። ሴት ልጅ ከሆነች ብዙ ቤተሰብ ብቻዋን ከተማ ልኮ ቤት ተከራይቶ ለማስቀመጥ ይፈራል፣ ስለዚህ ስምንተኛ ክፍል ላይ ትቀራለች። ቀበሌው ላይ መብራት ቢኖር፣ ትምህርት ቤቱም ቢከፈት፣ እዛው ቤተሰቧ ጋ ሆና ትማር ነበር። ይሄ እኔ በየዓመቱ መስከረም የክፍል ስም ዝርዝር ስይዝ የማየው ነገር ስለሆነ ነው የሚያንገበግበኝ።

"ገጠር አያዋጣም፣ ገበሬው በወር የሚከፍለው ሁለት ሶስት አምፖል ነው" የሚሉ አሉ። አምፖል ብቻ ከሆነ እውነት ነው አያዋጣም። ግን እስቲ ወደ ፎገራ ሂዱ፣ ወረታ ዙሪያ ያለውን የሩዝ መፈልፈያ እዩት፣ ሩዙ ነው ከተማውን ያሳደገው፣ እያንዳንዱ መፈልፈያ ሞተር አለው፣ መብራት ካለ በመብራት ይሰራል ከሌለ በናፍጣ። ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለሙ የጣና ዳር ገበሬዎች ውሃ የሚስቡት በነዳጅ ፓምፕ ነው፣ ነዳጅ ከከተማ በጀሪካን ገዝተው። ለሊትር ነዳጅ እየከፈለ ያለ ሰው ለኪሎ ዋት ሰዓት አይከፍልም ማለት ምን ማለት ነው? ታሪፉም ቢሆን ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ ከፍ እያለ ነው፣ ገበሬው መብራቱ ከገባለት ይከፍላል፣ አሁንም ለናፍጣ የሚከፍለው ይበልጣል። ገቢ የሚያመጣው ወፍጮው፣ መፈልፈያው፣ ፓምፑ፣ እንጨት ቤቱና ብየዳ ቤቱ ነው፣ እነሱ ደሞ የሚመጡት መብራቱ ከመጣ በኋላ ነው።

ወንድሜ ሲያትል ነው የሚኖረው፣ ይሄን ጉዳይ ስናወራ የነገረኝን ደሞ ላካፍላችሁ። እዛው ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ቼላን ካውንቲ የሚባል ተራራማ የገጠር አካባቢ አለ፣ አፕል የሚያመርቱ ገበሬዎች ያሉበት፣ ኮሎምቢያ የሚባለው ትልቅ ወንዝ የሚያልፍበት። የካውንቲው ህዝብ እንደ ፈረንጅ በ1936 ድምጽ ሰጥቶ የራሱን የመብራት ድርጅት አቋቋመ፣ ያ ድርጅት ሮኪ ሪች የሚባለውን ግድብ ሰርቶ በ1961 ኃይል ማመንጨት ጀመረ፣ 1,300 ሜጋ ዋት ገደማ ነው፣ ከኛ ጊቤ ሶስት ያንሳል ግን ለአንድ ካውንቲ በጣም ብዙ ነው። የተረፈውን ለሌላ ይሸጣሉ፣ ከሽያጩ በሚገኘው የነዋሪው ሂሳብ አሜሪካ ውስጥ በጣም ርካሽ ከሚባሉት አንዱ ሆኗል፣ የድርጅቱን ኮሚሽነሮችም የሚመርጠው እዛው ያለው ነዋሪ ነው። እንደ ፈረንጅ በ2018 ቢትኮይን የሚባለውን የኢንተርኔት ገንዘብ መብራት በሚበላ ኮምፒውተር የሚያመርቱ ሰዎች ርካሽ መብራት ፍለጋ ሲጎርፉባቸው ቆይ መጀመሪያ መስመራችንና ነዋሪያችን ብለው አዲስ ጥያቄ መቀበል ለጊዜው አቆሙ። ኖርዌይ ደሞ እንደ ፈረንጅ ከ1917 ጀምሮ ባለ ሕግ ወንዙ ያለበት ማዘጋጃ ቤት ከሚመነጨው ኃይል እስከ 10 በመቶ የሚሆነውን በወጪው ዋጋ የመውሰድ መብት አለው። እኛ አሜሪካም ኖርዌይም አይደለንም፣ ግድቦቻችን የአገር ናቸው፣ ህዳሴን እኮ መምህሩም ገበሬውም ቦንድ ገዝቶ ነው የሰራው፣ የአንድ ወረዳ ይሁን አልልም። ግን የውሃው ባለቤት አካባቢ ቅድሚያ አለው የሚለው ሃሳብ የትም የሌለ እንግዳ ነገር እንዳልሆነ ለማሳየት ነው።

እኛ አገርም ለቢትኮይን ማይኒንግ ኩባንያዎች ኃይል በዶላር ሲሸጥ ቆይቷል፣ ለኬንያም ከህዳር 2015 ጀምሮ ከወላይታ ሶዶ በሚነሳው ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ በሚሆነው መስመር እየተላከ ነው፣ ጅቡቲና ሱዳንም ከዛ በፊት ጀምረው ገዝተዋል። ኤክስፖርቱን አልቃወምም፣ ዶላሩ ያስፈልገናል፣ ትራንስፎርመሩም ሽቦውም የሚገዛው በዶላር ነው። የኔ ጥያቄ ያ ዶላር ሲገባ ስንት እጁ ወደ 33 ሺህ ቮልት መስመርና ወደ ገጠር ትራንስፎርመር ይመለሳል የሚለው ነው። በሕግ የታሰረ ድርሻ ቢኖረው፣ ለምሳሌ ከኤክስፖርት ገቢ ይህን ያህል በመቶ ማመንጫ ላለባቸው ወረዳዎች ማሰራጫ ይዋል ተብሎ ቢጻፍ፣ ሹመኛ በተቀየረ ቁጥር አይቀየርም ነበር።

በቴክኒክ በኩልም መላ አለ። ትልልቅ ታወሮች ጫፍ ላይ መብረቅ እንዲይዝ ተብሎ የሚዘረጋ ሽቦ አለ፣ ኃይል የማይሸከም። ጋና ውስጥ እንደ ፈረንጅ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ያንን ሽቦ ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ ሲኒ ከታወሩ ለይተው ከ30 ሺህ ቮልት በላይ ጭነውበት በመስመሩ ግራና ቀኝ ያሉ መንደሮችን ያበሩበታል፣ ላኦስም ሰርቶበታል፣ መብረቁንም መከላከሉን አይተውም። ለብዙ ፋብሪካ አይበቃም፣ ለመንደሮችና ለወፍጮ ግን ይበቃል፣ በታወሩ መስመር ላይ አዲስ ምሰሶ መትከልም ስለማያስፈልግ ወጪው በጣም ይቀንሳል። የኛ 400 ሺህ መስመር ላይ ይከብድ ይሆናል፣ የጋናዎቹ 161 ሺህ ናቸው፣ እኛ ግን 132 ሺህና 230 ሺህ የሆኑ ብዙ መስመሮች አሉን፣ አዲስ የሚዘረጉትም አሉ። አንዴ ተዘርግቶ ካለቀ በኋላ ለመቀየር መስመሩ መጥፋት አለበት፣ ስለዚህ የሚታሰበው ዲዛይን ላይ ነው። መሐንዲሶቻችን ይሄን አያውቁም አልልም፣ የሚያውቁም ይኖራሉ፣ ግን አስቀድሞ ስሩት ብሎ የሚያዛቸው አካል ያስፈልጋል።

ሌላው የታወር ስርቆት ነው። በየጊዜው የታወር ብረት ተፈትቶ ተሰረቀ፣ ታወር ወደቀ፣ ከተማ ሙሉ ጨለመ የሚል ዜና ታወጣላችሁ፣ ያ ወንጀል ነው፣ የሚያደርገው ሰው መጠየቅ አለበት። ከፀጥታው ችግር ጋር ተደምሮ ጥገና የሚወጡት ሰራተኞች ነፍሳቸውን አስይዘው ነው የሚሰሩት፣ ለነሱ ትልቅ ክብር አለኝ። ግን ጥበቃው በዘበኛ ብቻ እንዳልተቻለ እያየን ነው፣ መቶ ኪሎ ሜትር መስመር በስንት ዘበኛ ይጠበቃል? ታወሩ ስር ያለው ቀበሌ ከዛ ታወር መብራት የሚያገኝ ከሆነ ሌሊት ብረት ሲፈታ የሰማ ሰው ዝም ብሎ አይተኛም፣ የራሱ ቤት ነው የሚጨልመው። ወጣቱም ከራሱ ወፍጮ ላይ አይሰርቅም።

ስለዚህ የምጠይቀው ይሄ ነው። አንደኛ ነገር ማንኛውም አዲስ ማመንጫ ሲጸድቅ ዙሪያው ያሉት ወረዳዎች ማሰራጫ በዛው ፕሮጀክት፣ በዛው በጀት ውስጥ ይግባ፣ ማመንጫው ተጠናቀቀ የሚባለውም እነዛ ወረዳዎች ሲበሩ ይሁን። ለተሰሩትም፣ ለጣና በለስ፣ ለጢስ አባይ፣ ለፊንጫ፣ ለተከዜ፣ ለጊቤዎቹ፣ ያለፈውን የሚያካክስ የተለየ እቅድ ይውጣና መቼ የትኛው ቀበሌ እንደሚደርሰው በወረዳው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፣ ሰው ወረፋው ስንተኛ እንደሆነ ይወቅ። ቁጥሩም ሲነገር የደረሰው ቀበሌ ሳይሆን ቆጣሪ የገባለት ቤት ይቆጠር።

እናንተን ደሞ እንደ ጋዜጣ የምለምናችሁ አለ። አሁን ኦሞ ወንዝ ላይ ኮይሻ እየተሰራ ነው፣ 1,800 ሜጋ ዋት እንደሚሆን ተነግሯል፣ ገና አላለቀም፣ ስለዚህ ገና ጊዜ አለ። ጋዜጠኛ ልካችሁ ግድቡ ስንት በመቶ ደረሰ ከሚለው በተጨማሪ ሌላ ጥያቄ አስጠይቁልን፣ ከግድቡ ዙሪያ ባሉት ወረዳዎች ለ33 ሺህ ቮልት መስመርና ለትራንስፎርመር የተያዘ በጀት አለ ወይስ የለም፣ ካለ ስንት ነው፣ በማን እጅ ነው ያለው? መልሱን አትሙልን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የፊዚክስ መምህር፣ ከጣና ምዕራብ